የአባቱ ሜትር

ልጃቸው ሱሪውን ወደ ላይ በጎተተ ቁጥር የእማማ ልብ ወደ ታች ይወርድ ነበር።

ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይለውም። አንድ ጎልማሳ ልብስ ሰፊ በሁለት አውራ ጣቱ ቀበቶውን ይዞ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ሱሪውን ሽቅብ ሳብ ያደርግና ወደ ሥራው ይመለሳል። እማማ ግን ይህን አጎታተት ያውቁታል። አባትየውም፣ እሱም በዚያው ሱቅ ልብስ ሰፊ የነበረው፣ በመጨረሻ ዓመታቱ ልክ እንዲህ ነበር የሚጎትተው። ሆዱ እየገፋ፣ ቀበቶው ከሆዱ ሥር እየሾለከ፣ ያን ሱሪ ሲያነሳ ይውል ነበር። ጎረቤቱ «አንድ ቀን ሱሪው ጥሎህ ይሄዳል» እያለ ይስቅበታል። ሱሪው አልጣለውም። እሱ ነው ሁሉንም ጥሎ የሄደው። ሐኪም «ተመልሰህ ና» ብሎት፣ «ሰው ቆሞብኛል፣ ሥራ በዝቶብኛል» እያለ ሳይመለስ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ መቀሱን እንደያዘ ተደፋ።

እንግዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ልጅየው ከወራት በፊት ሱቁ ውስጥ ራሱን አዙሮት ግድግዳ ሲደገፍ፣ እማማ ክንዱን ይዘው ክሊኒክ ያስገቡት እንደ ሕፃን እየጎተቱ ነበር።

«እማዬ፣ ቁርስ ስላልበላሁ ነው እኮ።»

«አንተ ቁርስ የማትበላው መቼ ነው? ዝም ብለህ ግባ!»

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፊቷ ግን የረጋ ነው። ግፊቱን ለካች፣ ደም አስቀዳች፣ ከዚያ ከመሳቢያዋ ሜትር አወጣች። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ፈገግ አለ፤ በሙያው መጣችበታ። ከታችኛው የጎን አጥንቱና ከዳሌው አጥንት መሀል ለመሀል አዙራ፣ «ትንፋሽዎን ያስወጡ» ስትለው፣ «እኛ ከዚህ ዝቅ አድርገን ነው የምንለካው» ብሎ ሊያርማት ሞከረ።

«እናንተ የምትለኩት ለሱሪው ነው» አለች። «እኔ ለሆዱ ነው። መቶ ስምንት።»

«መቶ ስምንት የማን ነው?» አለ፣ ሁለት ደንበኛ የቆመበት ይመስል።

«የእርስዎ።»

ወደ ሆዱ አጎነበሰ። ልብስ ሰፊ ራሱን አይለካም። ጎንበስ ካለ ወገቡ ይጠባል፣ ቀና ካለ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሱሪ ሲያምረው አሮጌውን ጨርቅ ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሮ፣ «ትንሽ ለቀቅ» አድርጎ ይቆርጠዋል። ይህች «ትንሽ ለቀቅ» ከዓመት ዓመት ስትጠራቀም የት እንዳደረሰችው ያን ቀን ነው ያወቀው።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ዶክተሯ ወንበሯን አቀረበች። ወገቡ ሰፍቷል፣ ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ስኳሩ ድንበሩን አልፏል፣ የደሙ ስብም በዝቷል። እነዚህ ተሰብስበው አንድ ሰው ላይ ሲገኙ ሜታቦሊክ ሲንድሮም እንደሚባሉ ነገረቻቸው። እማማ ስሙን ሊይዙት ሞክረው አቃታቸውና፣ «በሽታው ለምን ተሰብስቦ መጣ?» ብለው ጠየቁ።

«እማማ፣ ካውያ ጨርቅ ላይ ረስተው ያውቃሉ?»

«እኔ አልረሳም። እሱ ሱቅ ያለው ልብስ ተኳሽ ግን ይረሳል።»

«ጨርቁ ወዲያው አይነድም አይደል? መጀመሪያ ወየብ ይላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሰውነታችንም የበላነውን በአየር እያቃጠለ ነው ጉልበት የሚያወጣው። እሳት ካለ ፍንጣሪ አለ። ጤነኛ ሰውነት ፍንጣሪውን የሚያጠፋበት የራሱ መላ አለው። ሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ስብ አይደለም፤ ውስጥ ውስጡን እንደሚጨስ ፍም ነው። ፍንጣሪው ከማጥፊያው ሲበልጥ የደም ሥሩን ግድግዳ ይለበልባል፣ ስኳር ወደየቤቱ እንዳይገባ በሩን ያበላሻል። ስኳሩ ደም ውስጥ ሲቀር ደግሞ ሌላ ፍንጣሪ ያስነሳል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የምንለው ይህንን ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚጀምር ገና ጥርት ብሎ አልታወቀም፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ ግን እናያለን። ወንዶች ላይ ደግሞ ስቡ ሆድ ላይ መሰብሰብ ይወዳል።»

«ታዲያ የማጥፊያው ክኒን የለሽም?»

ዶክተሯ ሳቀች። «ነው እየተባለ የሚሸጥ ሞልቷል፤ እንደተወራለት ሆኖ አላገኘነውም። ማጥፊያውን ሰውነት ራሱ ያበረታዋል፤ ባለቤቱ ሲንቀሳቀስ፣ ሲተኛ፣ ስኳርና ጮማ ሲቀንስ።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «በቀጠሮዎ ይምጡ። ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን። ቢወርድም ባይወርድም ግን ይምጡ።»

«ይመጣል» አሉ እማማ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት አልነበረም፤ ኬላ ነበር። እማማ የስኳሩን ዕቃ ልብስ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከአንሶላ ሥር ሸሸጉት። የልጃቸው ሚስት፣ ዝምተኛና ታጋሽ ሴት፣ አንሶላ ስትቀይር ጉንዳን ተሰልፎ ብታገኝም ዕቃውን አራግፋ መለሰችው። ዘይት ሲጨመር እማማ ከኋላዋ ቆመው ያዩ ነበር። «እማማ፣ ማንኪያ ነው እኮ፣ በርሜል አይደለም» ብትላቸውም ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ልጅየው ወደ ሱቁ በታክሲ መሄድ ትቶ በእግሩ መሄድ ጀመረ። እማማ ይህንንም ማመን አቃታቸው። አንድ ማለዳ ሻርፓቸውን ተከናንበው ከኋላው ተከተሉት። ዞር ሲል ከአንድ ጋዜጣ አዟሪ ጀርባ ተሸሸጉ። ትንሽ ቆይቶ ሳይዞር፣ «እማዬ፣ ቀዳዳው ላይ እንዳትወድቂ፣ በግራ በኩል ዙሪ» አላቸው። አፈሩና ተመለሱ። ግን ደስ አላቸው፤ ይራመዳል ማለት ነው።

ሱሪ መጎተቱ ግን አልቀረም። እንዲያውም ባሰበት። ደረጃ ሲወጣ ይጎትታል፣ ጫማ ሲያስር ይጎትታል፣ አሁን አሁንማ ቆሞ እያወራም ይጎትታል። እማማ ባዩት ቁጥር አባትየው ፊታቸው ይቆማል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ ለራሳቸው። ለሰው አይናገሩትም፤ ሲነገር ይደርሳል ብለው ይፈራሉ።

የቀጠሮው ዋዜማ ልብስ ሰፊው ከሥራ ገብቶ ኮቱን ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለ፣ ሜትሩንም ከአንገቱ አውልቆ ከኮቱ ላይ ጣል አደረገ። የአባቱ ሜትር ነው፤ ቢጫነቱ የለቀቀ፣ ጠርዙ የተላገ፤ ሌላ ሜትር እጁ አይወድለትም።

«እማዬ» አለ፣ ሸሚዙን ሽቅብ ሰብስቦ ፊቱን እየሸፈነ። «ነገ ከሚያስደነግጡኝ ዛሬ ልወቀው። ዶክተሯ እንደለካችው ለኪኝ። ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ።»

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ሜትሩን ከኮቱ ላይ አነሱ። ከጎን አጥንቱና ከዳሌው መሀል ፈለጉ፣ አዞሩ፣ «ትንፋሽህን አስወጣ» አሉ፤ ዶክተሯ ያደረገችውን አንዳች አላጎደሉም። ጫፉ የገጠመበት ቁጥር ላይ አፈጠጡ።

«ስንት?»

ሜትሩን አላልተው እንደገና ገጠሙት።

«እማዬ፣ ስንት ነው?»

መቶ አምስት ብለው ሊዋሹ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ዶክተሯ ብትነግረውስ? «መቶ ዐሥራ አንድ» አሉ።

ሸሚዙን ቀስ ብሎ ለቀቀው። ሚስቱ ከማድ ቤት ጭልፋ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ጨመርኩ?» አለ። «ይህን ሁሉ ወር እንደ ፖስተኛ ስዞር ከርሜ ጨመርኩ?»

«አንተ ደግሞ! ፊትህ እኮ ቀንሷል» አለች ሚስቱ። «አንገትህን በመስታወት አላየህም?»

«ፊት ምን ያውቃል? ሜትር አይዋሽም። ዕድሜ ልኬን የኖርኩት በሱ ነው፤ ለኔ ጊዜ ይዋሽ?» ወደ መኝታ ክፍል ገባ፣ የስኳሩን ዕቃ ከአንሶላው ሥር አውጥቶ መጣ፤ ለካስ መሸሸጊያውን ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል። ሻዩ ላይ ከመረበት። «ነገ የትም አልሄድም። ከነአካቴው በቃኝ።»

እማማ ተነሱ። ሜትሩን ጠቅልለው እንደ እባብ በሁለት ጣት ይዘው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለምን እንደከተቱት ራሳቸውም አላወቁም፤ ከዓይኑ እንዲርቅ ብቻ ነው የፈለጉት።

በማግስቱ ሲነሱ ልጃቸው የለም።

«ሱቅ ሄዷል» አለች ሚስቱ። «ቁርሱንም አልነካ። እማማ፣ እርስዎን እንጂ እኔን አይሰማኝም፤ በእናትዎ ይሂዱለት።»

ሻርፓቸውን እንኳ አልተከናነቡም፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። መንገድ ለመንገድ የሚናገሩትን ሲያደራጁ፣ ሲያፈርሱ፣ እንደገና ሲያደራጁ ሱቁ በር ላይ ደረሱ።

ሱቁ ጠባብ ነው። ከመግቢያው ሁለት የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከወደ ጥጉ መተኮሻው። መተኮሻው ጋ ያለው ሽማግሌ ከአባትየው ዘመን ጀምሮ ካውያ ከእጁ ተለይቶት አያውቅም፤ ስሙም ቀርቶ «ካውያው» ይባላል። ከመስታወቱ ፊት አንድ ረጅም መምህር ሱሪ ሊያሰፋ ክንዱን ከፍቶ ቆሟል፤ ልብስ ሰፊው ግን ጨርቅ እያነሳ እየጣለ ያተራምሳል።

«ሜትሬን ያየ አለ?»

«አንገትህ ላይ ፈልገው» አለ ካውያው። «መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ።»

«ተነስ» አሉ እማማ ከበሩ። «ቀጠሮ አለህ።»

«እማዬ! ሰው ቆሟል።»

«ይቁም!» ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። «አባትህም ሰው ቆሞበት ነው የቀረው! እዚህች ጠረጴዛ ላይ! እኔ ሁለተኛ እዚህ ሱቅ ሰው አላነሳም፣ ሰማኸኝ? ቢጨምርም ጨምሯል፤ ዶክተሯ መድኃኒት አላት። ቢወርድም ባይወርድም ና አላለችህም?»

ካውያው ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳና ወደ ላይ ይዞት ቀረ። መምህሩ ክንዱን ማውረድ ነውር መሰለው መሰል፣ እንደተዘረጋ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን አየ። ብዙ አየው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «እሺ እማዬ። እሄዳለሁ። እኚህን ጋሼ ልለካና እንሂድ። ሜትሬ ብቻ ጠፍቶብኝ...»

«ይኸውልህ ሜትርህ!» ቦርሳቸውን ከፍተው ወረወሩለት። «ከኔ ጋር ነው ያደረው። እንዲያ ያለ የክፉ ወሬ ነጋሪ!»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አየር ላይ ቀለበው። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ እያለ በመምህሩ ወገብ አዞረው፣ ገጠመው።

«ዘጠና ስድስት» አለ። ከዚያ ለካውያው፣ «ሰማንያ ስድስት በል።»

ካውያው ጥቁሯ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሰማንያ ስድስት ብሎ ጻፈ።

እማማ ግን የተማሩት ትንሽም ብትሆን መደመርና መቀነስ አልጠፋቸውም። «ቆይ» አሉ። «ዘጠና ስድስት ብለህ ሰማንያ ስድስት የምታስጽፈው የሰውየውን ጨርቅ ልትሰርቀው ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ አሥሩ የካውያው ነው እኮ» አለ፣ ሜትሩን ከመምህሩ ወገብ እየፈታ። «ድሮ ካውያውን ረስቶበት የሜትሩን ጫፍ አቃጠለው። ለመቀነስ እንዲቀለን አባዬ ልክ አሥሩ ላይ በመቀስ ቆረጠልን። እኛ ሁልጊዜ አሥሩን...»

አልጨረሰውም። እጁ ላይ የቀረውን ጫፍ አየ። አንድ የሚል ቁጥር የለበትም፤ ከዐሥራ አንድ ነው የሚጀምረው።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ትናንት ፊቴን ሸፍኜ ሳላይ በየትኛው ሜትር ነው የለካሽኝ?»

«ሌላ ምን አለ? በዚሁ ነዋ። ከኮትህ ላይ አንስቼ።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ሽቅብ ይዞ ለሁሉም አሳየ። ከዚያ ካውያው ነው የጀመረው፤ በአፍንጫው እንደ ማፏጨት ያለ ድምፅ አወጣ፣ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አኖረ፣ ሆዱን ያዘ። «እኔ ነኝ!» አለ እየሳቀ። «ወይኔ ሰውዬው! ያቃጠልኩት ሜትር ቤተሰብ ሊያቃጥል ነበር!»

«መቶ አንድ!» አለ ልብስ ሰፊው። «መቶ አንድ ነኝ! እማዬ፣ ወርጃለሁ!»

«እኔስ ስንት ሆንኩ?» አለ መምህሩ ግራ ገብቶት።

«አንተማ ሰማንያ ስድስት ነህ፣ ጋሼ፤ የምሥራች የሱ ነው» አለ ካውያው። ከዚያ ዞሮ፣ «ይህ ሰው ግን አሁን ልብስ ሰፊ ነው ይባላል? ቀበቶህን አዲስ ቀዳዳ የበሳሁልህ እኔ አይደለሁም? ሱሪህ እየወለቀ ስትጎትተው ስትውል፣ ጨመርኩ ብለህ አምነህ አደርክ?»

«ቀበቶው የለጠጠ መስሎኝ ነዋ! ያረጀ ቆዳ ይለጠጣል።»

እማማ የሚደገፉት ፈልገው የስፌት መኪናዋን ራስ ያዙ። ሱሪ መጎተቱ! አባትየው የሚጎትተው ሆዱ ገፍቶ እያወረደበት ነበር። ይኼኛው ግን የሚጎትተው የሚይዝለት ሆድ ጠፍቶ ነው። ለዓይን አንድ ዓይነት አጎታተት፣ ነገሩ ግን ሰማይና ምድር። ስንት ሳምንት ሙሉ የምሥራቹን እያዩ መርዶ ነው ብለው ከረሙ!

«ምን ታለቅሻለሽ እማዬ? ወረደ እኮ ነው የምልሽ።»

«እያለቀስኩ አይደለም። የዚህ ሰውዬ እንፋሎት ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው። ና፣ ተነስ፣ ቀጠሮው ያልፋል።»

በመንገድ ላይ ልጅየው እየሳቀ ቢሄድም እማማ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆነዋል። ክሊኒክ ሲገቡ ልብስ ሰፊው ከሁሉ በፊት ዶክተሯን፣ «ይቅርታ፣ ሜትርዎን አንዴ ይስጡኝ» አላት። ጫፉን አገላብጦ አየ። ከአንድ ነው የሚጀምረው። መለሰላት። ዶክተሯ ምን እንደሆነ ሳይገባት አዞረች።

«መቶ አንድ።»

እማማ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ግፊቱም ረገብ ብሎ ተገኘ። ከንዴት ብዛት ቁርስ ስላልበላ ሆዱ ባዶ ነውና ደሙንም ወዲያው አስቀዱት፤ «ንዴትም ለካ ጥቅም አለው» አለ ልብስ ሰፊው ጥጡን ክንዱ ላይ ይዞ። ውጤቱ እስኪመጣ እማማ ከተጠባባቂው ሁሉ ጋር ስለ ሜትሩ አወሩ፤ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ወሬው ላይ የተቃጠለው የሱቁ ግማሽ ሆኖ ነበር።

ዶክተሯ ወረቀቱን አነበበች። «ስኳሩ ወደ ድንበሩ ተመልሷል። የደሙ ስብ ገና ይቀረዋል፤ እሱም ግን ወርዷል። ለጊዜው መድኃኒቱን እናቆየው። በያዙት ይቀጥሉ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይምጡ።»

«ፍንጣሪውስ?» አሉ እማማ። «እሱ ጠፋ?»

«ፍንጣሪውን እዚህ አንለካውም፣ እማማ። ፍሙ ሲቀንስ ግን እሱም ይቀንሳል ብለን እናምናለን።»

«እኔም እንደዚያ አምናለሁ» አሉ እማማ፣ በሙያው ውስጥ እንዳለ ሰው።

ሲወጡ ልጅየው ደረጃው ላይ ቆም አለ፣ በሁለት አውራ ጣቱ ሱሪውን ሽቅብ ጎተተ። እማማ አዩት። ልባቸው ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ያን ሱሪ አጥብበው» አሉት። «መንገድ ላይ ታዋርደኛለህ።»

«ልብስ ሰፊ ራሱን አይለካም።»

«እኔ እለካሃለሁ። አዲስ ሜትር ግዛ እንጂ።»

«የአባዬን ግን አልጥለውም።»

«ማን ጣል አለህ? እሱም ምን አጠፋ፤ ያለበትን ቁጥር ነው የተናገረው።»

ልጅየው ሳቀና መራመድ ጀመረ። እማማ ዛሬ ከኋላው አልተሸሸጉም፤ ክንዱን ይዘው ጎን ለጎን ሄዱ። እሱ ግን የለመደው እርምጃ ሆኖበት ቶሎ ቶሎ ይላል።

«ቀስ በል እንጂ! ምን አሯሯጠህ፣ ልብህን ልታደክመው ነው?»

«ስንት ወር ተራመድ፣ ተራመድ ስትይኝ ከርመሽ አሁን ቁም ትይኛለሽ?»

«ቁም አላልኩም። ቀስ በል ነው ያልኩት።» ትንሽ እንደሄዱ ቀና ብለው ጉንጩን ከጎን አዩት። ሚስቱ እንዳለችው፣ እውነትም ቀንሷል። «ደግሞ ከዚህ በላይ እንዳትከሳ» አሉት። «ምን ነካው፣ ታሟል ይሉሃል።»